ጌድን በመጀመሪያ ያስተማረችው ሴት

ጎንት በምትባል ተራራማ ደሴት ላይ እናቱ ገና ዓመት ሳይሞላው የሞተችበት አንድ ልጅ አለ። አባቱ ነሐስ አንጥረኛ ነው፤ ኮስታራ፣ ቃል የማያበዛ ሰው። ሕፃኑን ራሱን ችሎ እስኪሮጥ ድረስ የተንከባከበችው የእናቱ እህት ናት፣ የመንደሩ ጠንቋይ። አንድ ቀን ከጎጆ ክዳን ላይ ወጥታ አልወርድም ያለችን ፍየል አክስቱ በማይገባው ቃል ጠርታ ስታወርዳት ልጁ ይሰማል። በማግስቱ ተራራው ላይ ሆኖ ያንኑ ቃል በፍየሎቹ ላይ ይጮኸዋል። ፍየሎቹ ሁሉ ድምፅ ሳያሰሙ መጥተው ይከቡታል፤ ይጠጉታል፤ አንለቅህም ይሉታል። ልጁ እያለቀሰ ወደ መንደር ሲሮጥ መንጋው አብሮት ይሮጣል። ያላቀቀችው አክስቱ ናት። በልጁ ውስጥ ኃይል እንዳለ መጀመሪያ የለየችው እሷ ናት፤ የጭልፊትን እውነተኛ ስም ያስተማረችውም እሷ።

በ1968 እ.ኤ.አ. የታተመው «የኧርዝሲው አስማተኛ» የሚጀምረው እንዲህ ነው። ደራሲዋ አሜሪካዊቷ ኧርሱላ ለግዊን ናት። ኧርዝሲ በየትኛውም ካርታ ላይ የማይገኝ፣ ብዙ ደሴቶች የተበተኑበት የባሕር ዓለም ነው። በዚያ ዓለም አስማት ማለት የነገሮችን እውነተኛ ስም ማወቅ ነው። የድንጋይን እውነተኛ ስም ያወቀ ድንጋዩን ያዛል፤ የሰውን እውነተኛ ስም ያወቀ ሰውየውን በእጁ ያስገባል። ስለዚህ ማንም ሰው እውነተኛ ስሙን የሚናገረው እንደ ራሱ ለሚያምነው ብቻ ነው። ልጁም ሕዝብ የሚጠራው ጭልፊት ብሎ ነው፤ እውነተኛ ስሙ ጌድ መሆኑን የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው።

ይህን መጽሐፍ በልጅነቱ የወደደ ሰው ከብዙ ዓመት በኋላ ደግሞ ሲያነበው ያኔ ያላየውን አንድ ነገር ያያል። አክስቲቱ ስም የላትም። እርግጥ አንጥረኛው አባትም በስም አይጠራም። ከእሷ በኋላ ጌድን ያስተማሩት ወንዶች ግን፣ ዝምተኛው ኦጊዮን፣ ሊቀ አስማተኛው ኔመርል፣ የስሞች መምህሩ ኩረምካርመሩክ፣ ስማቸው በክብር ሰፍሯል። ሁሉም ነገር በስም ላይ በቆመበት ዓለም ውስጥ የመጀመሪያዋ መምህር ስም አልባ ሆና ገብታ ስም አልባ ሆና ትወጣለች።

ከዚያ በኋላ ዓይኑ የተከፈተ አንባቢ ማቆም አይችልም። በዚያው የመጀመሪያ ምዕራፍ የጎንት ሰዎች የሴትን አስማት በደካማነትና በክፋት የሚመስሉበት አባባል እንዳላቸው ይነገረዋል። አባባሉን የሚጠይቅ ሰው የለም፤ ተራኪውም አይጠይቅም። ሮክ በምትባለው ደሴት ላይ ያለው ታላቁ የአስማተኞች ትምህርት ቤት ዘጠኝ መምህራን አሉት፤ ሁሉም ወንዶች ናቸው። ተማሪዎቹም ሁሉ ወንዶች። ለምን እንደሆነ አንድም ቦታ አይብራራም። ማብራሪያ ቢኖር አንባቢው ይሟገት ነበር። ዝናብ በክረምት እንደሚዘንብ ያህል የተለመደ ነገር ሆኖ ስለቀረበ ግን የ12 ዓመት ልጅ ያልፈዋል። የ12 ዓመት ልጃገረድም ታልፈዋለች፤ ምክንያቱም ስታነብ ጌድን ሆና ነው። አብራው ትቀዝፋለች፣ አብራው ከዘንዶ ጋር ትከራከራለች፣ አብራው በሮክ በር ትገባለች። በገዛ ራሷ መልክ ብትመጣ ያ በር እንደማይከፈትላት የሚታወቃት ብዙ ቆይቶ ነው።

በመጽሐፉ ውስጥ ያሉትን ሴቶች አንድ በአንድ መቁጠር ብዙ ጊዜ አይወስድም። ሴሬት የምትባለው ቆንጆ ልጅ ጌድን መጀመሪያ በጎንት፣ ኋላም በሰሜናዊቷ ኦስኪል ደሴት ላይ ወደ ጥፋት የምትገፋው አሳሳች ናት። ኤልፋራን ከሺህ ዓመታት በፊት የሞተች ቁንጅናዋ በዘፈን የሚነሳ ሴት ናት፤ ጌድ በጉራ መንፈሷን ሲጠራ የሚያሳድደው ጥላ አብሮ ወደ ዓለም ይገባል። የጓደኛው የቬች እህት ያሮ ደግሞ 14 ዓመቷ ነው፤ ደግ፣ ሳቂታ፣ ከምድጃው አጠገብ የማትርቅ። አሳሳች፣ ሙት ቁንጅና፣ ባለ ምድጃ። ከእነዚህ ውጭ አንዲት አሮጊት አለች። ጌድ መርከቡ ተሰብሮ በአሸዋ ክምር ላይ ሲወድቅ ገና በሕፃንነታቸው እዚያ የተጣሉ ወንድምና እህት ያገኛል፤ አርጅተዋል፣ ንግግርም ጠፍቶባቸዋል። አሮጊቷ የተሰበረ ቀለበት ግማሽ ትሰጠዋለች። ጌድ ምን እንደተቀበለ አያውቅም፤ አንባቢውም አያውቅም። የሁለተኛው መጽሐፍ ታሪክ በሙሉ የሚፈልቀው ግን ከዚያ ስጦታ ነው፤ የአሮጊቷ ስም አንቲል መሆኑም የሚታወቀው እዚያ ነው።

እንዲህ ሲባል ለግዊን ሳታስብ የምትጽፍ ሰው ነበረች ማለት አይደለም። ነገሩን አስገራሚ የሚያደርገውም ይኸው ነው። በ1929 በካሊፎርኒያ ግዛት በርክሌይ ከተማ ተወለደች። አባቷ አልፍሬድ ክሮበር ስመ ጥር አንትሮፖሎጂስት ነበር፤ እናቷ ቴዎዶራ ክሮበር ደግሞ ስለ ኢሺ፣ ስለ መጨረሻው የያሂ ሕዝብ ተወላጅ፣ በ1961 ያሳተመችው መጽሐፍ እስከ ዛሬ ይነበባል። የሌላ ሕዝብ ባህል በማዕድ ዙሪያ የሚወራበት ቤት ውስጥ ያደገችው ደራሲ የመጀመሪያውን የኧርዝሲ መጽሐፍ ስትጽፍ በዘመኑ ያልተለመደ ነገር አደረገች። ጀግናዋ ነጭ አይደለም። ጌድ ቆዳው የመዳብ ቀለም ያለው ጠይም ነው፤ ቬች ጥቁር ነው፤ በደሴቶቹ የሚኖረው ሕዝብ አብዛኛው ጠይም ወይም ጥቁር ነው። ነጮቹ ከምሥራቅ በመርከብ እየመጡ መንደር የሚያቃጥሉት ካርጎች ናቸው። አሳታሚዎች በሽፋን ላይ ጌድን ሲያነጡት ለዓመታት ተከራክራለች፤ በ2004 አንድ የአሜሪካ ቴሌቪዥን ጣቢያ ታሪኩን በነጭ ተዋናይ ሲሠራውም በአደባባይ ተቃውማለች።

ታዲያ የቆዳን ቀለም ልማድ በ1968 የገለበጠች ብዕር በዚያው መጽሐፍ የፆታን ልማድ እንዴት ሳትነካው አለፈች? መልሱ በዘመኑና በዘርፉ ውስጥ ነው። የፋንታሲ ጀግና ወንድ ነው፤ ይህ እንደ ሕግ ነበር። የዘርፉ አባት የሚባለው የእንግሊዛዊው ቶልኪን «ሆቢት» በ1937 ሲታተም ከዳር እስከ ዳር በታሪኩ ውስጥ የምትሳተፍ አንዲት ሴት አልነበረችበትም። ጀብዱ፣ ጉዞ፣ ሰይፍና ጥበብ የወንድ ነበሩ። ለግዊን ያንን ቅርጽ ወስዳ ሰይፉን በቃል ተካችው፣ ድሉን ራስን በማወቅ ተካችው፤ የጀግናውን ፆታ ግን እንዳለ ተወችው። ኋላ ላይ ራሷ እንደመሰከረችው ወግ ተብሎ የተረከበችውን ነገር ወግ መሆኑን አላየችውም ነበር።

የሕትመቱ ዓለምም አልረዳትም። በ1969 «ዘጠኝ ሕይወት» የተባለ አጭር ልቦለዷን የወንዶች መጽሔት የሆነው ፕሌይቦይ አተመው፤ አዘጋጆቹ ግን ሙሉ ስሟ ሳይሆን የስሟ የመጀመሪያ ፊደላት ብቻ እንዲወጡ ጠይቀው ነበር። አንባቢው ጸሐፊው ሴት መሆኗን እንዳያውቅ ነበር። እሺ አለች። ሦስት ልጆች የምታሳድግ፣ ማታ ልጆቹ ሲተኙ የምትጽፍ ሴት ነበረች።

በዚያው ዓመት የታተመው «የጨለማ ግራ እጅ» ነገሩን የበለጠ ያወሳስበዋል። ልቦለዱ ስለ አንዲት የበረዶ ፕላኔት ነው። ነዋሪዎቿ ወንድም ሴትም አይደሉም፤ በወር ጥቂት ቀናት ብቻ አንዱን ወይም ሌላውን ይሆናሉ፤ ዛሬ አባት የሆነ ነገ እናት ሊሆን ይችላል። ንጉሡ ያረግዛል። መጽሐፉ ኔቡላና ሁጎ የተባሉትን የዘርፉን ሁለት ታላላቅ ሽልማቶች አገኘ። ነገር ግን ደራሲዋ እነዚህን ሰዎች ሁሉ የጠራቻቸው በተባዕት ተውላጠ ስም ስለነበር አንባቢው በዓይነ ኅሊናው ያያቸው ወንዶችን ብቻ ነበር። ትችት መጣ። ለግዊን በ1976 በጻፈችው ድርሰት ምርጫዋን ተከላከለች። በ1980ዎቹ ማብቂያ ወደዚያው ድርሰት ተመልሳ ግን ያልተለመደ ነገር አደረገች፤ የቀድሞውን ጽሑፍ ሳትሰርዝ፣ ከጎኑ አሁን የማትስማማበትን በማስታወሻ እየጻፈች አሳተመችው። የቀድሞዋ ደራሲና የኋለኛዋ ደራሲ በአንድ ገጽ ላይ ሲነጋገሩ ይታያል። በዚያችው ፕላኔት ላይ የምትፈጸም አንዲት አጭር ታሪኳን ደግሞ በ1975 ዳግም ስታሳትም ገጸ ባሕርያቱን ሁሉ በአንስታይ ጾታ ጠራቻቸው።

ወደ ኧርዝሲ እንመለስ። ሁለተኛው መጽሐፍ «የአቱዋን መቃብሮች» በ1971 ወጣ፤ ባለታሪኳ ልጃገረድ ናት። በካርጎች ምድር ቴናር የምትባል ሕፃን ከእናቷ እቅፍ በ5 ዓመቷ ትወሰዳለች፤ የሞተችው ሊቀ ካህን ዳግም የተወለደችው በእሷ ነው ተብሎ ታምኖበታል። ስሟን ይነጥቋትና «የተበላችው» የሚል ትርጉም ያለው አርሃ የሚባል መጠሪያ ይሰጧታል። የምትኖረው በበረሃ መካከል፣ ሴቶችና ጃንደረቦች ብቻ ባሉበት ቅጥር ውስጥ ነው። ግዛቷ ከምድር በታች ያለ መብራት የማይገባበት ዋሻና መተላለፊያ ነው፤ ካርታው በጽሑፍ የለም፣ በመዳፏ እየዳሰሰች ትማረዋለች።

ይህን መጽሐፍ ደግሞ ማንበብ የመጀመሪያውን ከማንበብ ይከብዳል። በአንድ በኩል ቴናር ሙሉ ሰው ናት፤ ትቆጣለች፣ ትሰለቻለች፣ ትጨክናለች። እስረኞች በረሃብና በጥም እንዲሞቱ ታዛለች፤ ከዚያ በኋላ ሌሊቱን በቅዠት ታሳልፋለች። ጌድ የቀለበቱን ሌላ ግማሽ ፍለጋ በጨለማው ውስጥ ሲገባ የምትይዘው እሷ ናት፤ ውኃ የምትሰጠውም የምትነሳውም እሷ። በሌላ በኩል የእሷ ሥልጣን ሁሉ የመቃብር ሥልጣን ነው። ወንዱ የሚያዘው በነፋስና በብርሃን ነው፤ ሴቷ በጨለማና በሞት። ስሟን የሚመልስላት እሱ ነው፤ ወደ ባሕሩ የሚወስዳትም እሱ። እርግጥ ያለ እሷ እሱም አይወጣም ነበር፤ ነፃነታቸው የተያያዘ ነው። ግን ታሪኩ ሲያልቅ ጌድ ወደ ቀጣዩ ጀብዱ ይሄዳል። ቴናር ወዴት ትሄዳለች? መጽሐፉ እጇን ይዞ ወደ ነፃነት አፋፍ ያደርሳታል፤ ከዚያ ወዲያ ላለው ሕይወቷ የተዘጋጀ ቦታ ግን የለውም።

ሦስተኛው «ሩቁ ዳርቻ» በ1972 ሲወጣ ይህ በግልጽ ታየ። ጌድ ሊቀ አስማተኛ ሆኗል፤ አብሮት የሚጓዘው ወጣት ልዑል ነው፤ ጠላታቸው ወንድ አስማተኛ ነው። ቴናር በታሪኩ ውስጥ የለችም። መጽሐፉ የአሜሪካን ብሔራዊ የመጽሐፍ ሽልማት አገኘ፤ ብዙ አንባቢም ታሪኩ በዚህ ተጠናቀቀ ብሎ ዘጋው።

18 ዓመት አለፈ። በእነዚያ ዓመታት በአሜሪካ የሴቶች መብት ንቅናቄ የሥራ ቦታን፣ ፍርድ ቤትን፣ ዩኒቨርሲቲንና የመጻሕፍት መደርደሪያን አናወጠ። ለግዊንም አነበበች፤ ቨርጂኒያ ዎልፍን ደጋግማ አነበበች፤ ልጅ እያሳደጉ ስለሚጽፉ ሴቶች ድርሰት ጻፈች። በ1990 «ተሃኑ» ታተመ።

ደራሲዋ ያደረገችው ነገር መጽሐፍ ለሚወድ ሁሉ ትልቅ ትምህርት አለበት። የቀድሞዎቹን መጻሕፍት አላስተካከለችም። ሮክን አላፈረሰችም፣ አክስቲቱን በስም አላስጠራችም፣ ጌድን ወንጀለኛ አላደረገችውም። ዓለሙ ያው ነው፣ ደሴቶቹ ያው ናቸው። የተለወጠው የሚታይበት ቦታ ነው። ሦስቱ መጻሕፍት የተጻፉት ኃይል ካለበት ማማ ላይ ተሆኖ ነበር፤ አራተኛው ከጓዳ፣ ከማሳ፣ ከታመመ ሰው አልጋ አጠገብ ተጻፈ።

ቴናር አሁን የገበሬ ሚስት ሆና ኖራ ባሏ የሞተባት፣ ሁለት ልጆቿ አድገው የወጡላት ሴት ናት። ወጣት ሳለች ኦጊዮን ጥበቡን ሊያስተምራት ጀምሮ ነበር፤ ትታው አገባች። ደራሲዋ ይህን እንደ ውድቀት አታቀርበውም፤ ቴናር ራሷ የመረጠችው ሕይወት ነው። አንድ ቀን ሰዎች የደፈሯትና እሳት ውስጥ የጣሏት ሕፃን በመንገድ ዳር ትገኛለች። የፊቷ ግማሽ ነዷል፣ አንድ ዓይኗ ጠፍቷል፣ አንድ እጇ ተኮማትሮ ቀርቷል። ቴናር ወስዳ ታሳድጋታለች። የኧርዝሲ አንባቢ ጥላን፣ ዘንዶን፣ የሙታን አገርን አይቷል፤ እንዲህ ያለ ክፋት ግን በሦስቱ መጻሕፍት ውስጥ አላጋጠመውም። አስማት የሌለበት፣ በየሰፈሩ ያለ ክፋት ነው።

ኦጊዮን ሲሞት ያለው ክፍል ከመጽሐፉ ሁሉ የሚበልጥ ነው። አዛውንቱ በመጨረሻ እስትንፋሱ እውነተኛ ስሙን ለቴናር ይነግራታል። ሁለት አስማተኞች ከየአቅጣጫው ይደርሱና አስከሬኑ የት ይቀበር በሚለው ይጨቃጨቃሉ። እሷ ስሙን ትናገራለች፤ ሁለቱም አይሰሟትም። ትልቁ ሰው የሞተበት፣ ትልቁ ስም የተነገረበት ቦታ ላይ ሁለት የተማሩ ወንዶች ቆመው ከአንዲት ገበሬ ሴት አፍ የወጣው ቃል ጆሯቸው አይገባም። ማዳመጥ ኃይል አይደለም ወይ ብላ ትጠይቃለች፣ ስሙንም ደግማ ትነግራቸዋለች። በስብሰባ ላይ ሐሳብ አቅርባ ሰሚ ያጣች፣ ያንኑ ሐሳብ ወንድ ሲደግመው የተጨበጨበለት ሴት ይህን ገጽ ስታነብ ማስታወሻ አያስፈልጋትም።

ከዚያ ጌድ ይመጣል፤ በዘንዶ ተጭኖ፣ ኃይሉን በሙሉ አጥቶ። በዓለም ላይ አንደኛ የነበረው አስማተኛ ተራ ሰው ሆኗል፤ ያፍራል፣ ከሰው ይደበቃል። ኃይል ማንነቱ የነበረ ወንድ ኃይሉ ሲሄድ ምን ይቀረዋል? ከዚህ በፊት የነበሩት ሦስት መጻሕፍት ይህን ጥያቄ ሊጠይቁ አይችሉም ነበር። ጌድ ፍየል ይጠብቃል፣ ቤት ውስጥ ይሠራል። አስማተኞች በድንግልና የሚኖሩት በአስማት ራሳቸውን ከሴት ከልለው እንደሆነ እዚህ ይገለጣል፤ ጌድ ከቴናር ጋር ፍቅርን የሚያውቀው ፀጉሩ ከሸበተ በኋላ ነው። ከባሕር የተመለሰው የቴናር ወንድ ልጅ ደግሞ እንግዳ ባለጌ አይደለም፤ ገበታ የሚቀርብለት፣ ሳህን የሚነሳለት፣ እርሻውም የእሱ ነው የሚባል ተራ ወጣት ነው። እናቱ ስታየው እሷው ራሷ እንዲህ አድርጋ እንዳሳደገችው ይገባታል። ይህ ቁጭት ከብዙ የተቃውሞ ጽሑፍ ይበልጣል።

ሞስ የምትባለው የመንደር ጠንቋይም በዚህ መጽሐፍ ሙሉ ሰው ሆና ትቀርባለች። የማትታጠብ፣ ወሬኛ፣ ግማሹ ጥበቧ ማጭበርበር፣ ግማሹ ግን እውነተኛ። የሴት ኃይል ሥሩ ከጨለማ የጠለቀ፣ የማይታወቅና የማይጠየቅ ነው እያለች በኩራት ትናገራለች። ብዙ አንባቢ ይህን የደራሲዋ እምነት አድርጎ ይወስደዋል። ቴናር ግን አትቀበልም። በጨለማ ውስጥ በቂ ዘመን ኖራለችና ጥያቄውን እሷ ትጠይቃለች። የሴትን ምሥጢራዊነት ማወደስ ሴትን ከምድር በታች ትቶ መሄድ ሊሆን እንደሚችል ከአቱዋን መቃብሮች የወጣች ሴት ታውቃለች።

መጽሐፉ ለምርጥ ልቦለድ የሚሰጠውን የኔቡላ ሽልማት አገኘ፤ ብዙ የቀድሞ ወዳጆቹን ግን አስቆጣ። ጀግናችንን አዋረደችው፣ ተረቱን በፖለቲካ አበላሸችው ያሉ ነበሩ። ቅሬታው ሁሉ ከንቱ አይደለም። ቴናርን የሚያሠቃየው አስማተኛ አስፐን ጥላቻ ብቻ ያለው ሰው ነው፤ ለጌድ ጥላ ያን ያህል ጥልቀት የሰጠች ደራሲ ለዚህ ሰው ምክንያት ነፍጋዋለች። መጨረሻውም ይቸኩላል፤ የተቃጠለችው ልጅ ዘንዶውን ካሌሲንን በስሙ ስትጠራው ነገሩ ሁሉ በጥቂት ገጽ ይፈታል። ፖለቲካ ገባ የሚለው ክስ ግን አይቆምም። ሴት የማትገባበት ትምህርት ቤትም ፖለቲካ ነበር፤ ሳይነገር ስለቆየ ብቻ ፖለቲካ አልመሰለም። ለግዊን በ1992 በኦክስፎርድ ባደረገችው ንግግር ይህን በዝርዝር አስረዳች፤ የጀግና ታሪክ ለሁሉም የሆነ እየመሰለ የወንድ ታሪክ ሆኖ መኖሩን፣ እሷም በዚያ ውስጥ እንደ ሠራች።

በ«ተሃኑ» ሽፋን ላይ የኧርዝሲ የመጨረሻ መጽሐፍ የሚል ተጽፎ ነበር። የመጨረሻ አልሆነም። በ2001 «የኧርዝሲ ታሪኮች» የተባለው የአጫጭር ልቦለዶች ስብስብ ወጣ፤ ከውስጡ ረጅሙ ታሪክ ወደ ኋላ 300 ዓመት ሄዶ የሮክ ትምህርት ቤት እንዴት እንደተመሠረተ ይተርካል። መሥራቾቹ ሴቶችና ወንዶች ነበሩ። የጦር አበጋዞች ደሴቶቹን ሲያምሱ፣ አስማተኞች ለገዢዎች ሲያድሩ፣ እውቀቱን በምሥጢር ጠብቀው ያቆዩት በአብዛኛው የመንደር ሴቶች ናቸው። ሜድራ የተባለው ወጣት ሮክን የሚያገኘው በእነሱ መረብ ነው። ሴቶች የተባረሩት ኋላ ላይ ነው፤ በውሳኔ፣ በሚታወቅ ሊቀ አስማተኛ ዘመን።

ይህ ፈጠራ የ1968ቱን ዝምታ ትርጉም ይለውጠዋል። ጌድ በሮክ በር ሲገባ ያየነው የወንዶች ትምህርት ቤት ሁልጊዜ እንዲያ የነበረ መስሎን ነበር፤ ለጌድም ለመምህሮቹም እንዲያ ይመስላቸው ነበር። ሴቶቹ ከትምህርት ቤቱ ብቻ ሳይሆን ከትምህርት ቤቱ ታሪክም ተሰርዘዋል። ደራሲዋ በራሷ መጽሐፍ ውስጥ የነበረውን ክፍተት የዚያ ዓለም የታሪክ ጸሐፊዎች ክፍተት አደረገችው። ከዚህ በኋላ የመጀመሪያውን መጽሐፍ የሚያነብ ሰው የአክስቲቱን ቃል ሲሰማ የድሮ ጥበብ ስባሪ እየሰማ እንደሆነ ያውቃል፤ አንድም ፊደል ግን አልተነካም።

በዚያው ስብስብ ውስጥ ኢሪያን የምትባል ወጣት እንደ ወንድ ለብሳ ወደ ሮክ ትመጣለች። በረኛው ሴት መሆኗን እያወቀ ያስገባታል፤ መምህራኑ ለሁለት ይከፈላሉ። ልታጠና የመጣችው ማንነቷን ነው፤ ማንነቷም ሰው ብቻ እንዳልሆነ ይገለጣል፤ ዘንዶ ሆና ትበራለች። በዚያው ዓመት የታተመው «ሌላኛው ነፋስ» ደግሞ ቴናርን፣ ያሳደገቻትን የተቃጠለችውን ልጅ ተሃኑን፣ ኢሪያንንና ከካርጎች ምድር የመጣችውን ባለ መሸፈኛ ልዕልት በንጉሡ ምክር ቤት ያስቀምጣቸዋል። ሙታንንና ሕያዋንን የሚለየው ግድግዳ ሲፈርስ በስፍራው ያሉት ወንዶች አስማተኞች ብቻ አይደሉም።

ይሁንና አንድ ነገር ይጎድላል። ኢሪያን በሩን አልፋለች፣ ወዲያው ግን ወደ ሰማይ ወጥታለች። ተሃኑም ክንፍ አውጥታ ከዘንዶዎች ጋር ትሄዳለች። ሁለቱ ታላላቅ ሴቶች ነፃነታቸውን ያገኙት የሰውን ዓለም ጥለው ነው። ክንፍ የሌላት፣ ፍየል የምትጠብቅ፣ አንድ ቃል ሰምታ ሌላ ቃል ለማወቅ የጓጓች ተራ የመንደር ልጅ በሮክ ተመዝግባ ከኩረምካርመሩክ ፊት ተቀምጣ ስትማር የሚያሳይ ምዕራፍ በስድስቱም መጻሕፍት ውስጥ የለም። ለግዊን በጥር 2018 በኦሪገን ግዛት ፖርትላንድ ከተማ በ88 ዓመቷ አረፈች። ሌላውን ሁሉ በድፍረት የጠየቀችው ደራሲ ይህን ምዕራፍ ሳትጽፈው መቅረቷ ሊቆጭ ይገባል።